ከድንጋዩ ላይ የተቀመጠው በረባሶ

ይህን የምጽፈው ከቆላ ወጥቼ ቢቸና ከገባሁ በሦስተኛው ሳምንት ነው። የግራ እግሬ እብጠት ገና ስላልጎደለ በር ላይ ወንበር አውጥቼ፣ ደብተሩን ጭኔ ላይ አድርጌ ነው የምጽፈው። ትምህርቴ ዳዊት ከመድገም አላለፈም፤ ጽሕፈቱን በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው የያዝኩት። ፊደሉ ቢንጋደድ አትፍረዱብኝ። ወደዚያ አገር ብዙዎቻችሁ እንደማትወርዱ አውቃለሁ። እኔም እስከዚህ ዕድሜዬ የአባይን በረሃ ከጫፉ ላይ ቆሜ አይቼ፣ ሙቀቱ ከታች እንደ ጭስ ሲንቀጠቀጥ ተመልክቼ፣ ፊቴን ወደ ቤቴ ሳዞር ነው የኖርኩት።

ያስወረደኝ መጽሐፍ ነው። ሐጂ ሰይድ የሚባል የሞጣ ጨርቅ ነጋዴ ወዳጅ አለኝ። ድሮ ለቢቸና ገበያ ሲመጣ ጣቃውን እኔ በምሠራበት ወፍጮ ቤት ያሳድር ነበር። ሐጂ ልብ ወለድ ይወዳል። አንድ ደራሲ አለ፣ ጡረታ የወጣ ሃምሳ አለቃ በረሃ ለበረሃ እየዞረ ነፍሰ ገዳይ የሚይዝባቸው ሦስት ተከታታይ መጻሕፍት የጻፈ። እኔ በሽፋናቸው ቀለም ነው የምጠራቸው፤ ቀዩ፣ አረንጓዴው፣ ቢጫው። ሐጂ አንብቦ ሲጨርስ በሚኒባስ ረዳት እጅ ይልክልኛል፤ እኔም ጣቴን ከመስመሩ ሥር እያስኬድኩ በቀን ሁለት ገጽ አነባለሁ።

ቀዩንና አረንጓዴውን እንደ ተረት ነው ያነበብኳቸው። ቢጫው ላይ ግን ቆምኩ። ደረቅ ወንዝ ውስጥ፣ ለሁለት ከተሰነጠቀና ከስንጥቁ ሾላ ከበቀለበት ትልቅ ድንጋይ አጠገብ፣ አንድ ነጋዴ በጓደኛው እጅ ይሞታል። ሃምሳ አለቃው ገዳዩን የሚይዘው የሟቹን በረባሶ ይዞ በመሄዱ ነው። እዚያ ስደርስ መነጽሬን አወለቅሁ።

ታላቅ ወንድሜ ታደገ በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ላይ ከአያሌው ጋር ለንግድ ቆላ ወርዶ ብቻውን ተመለሰ። አያሌውን ውሃ ወሰደው አለ። ወሩ ግንቦት ነበር፤ ቆላው ላይ ጠብታ አልጣለም። ማንም አላመነውም። አውጫጭኝ ተቀመጠ። ወጣቶቹ አታውቁትምና ልንገራችሁ፤ አገሩ በሙሉ አንድ ቦታ ይሰበሰባል፣ ይምላል፣ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ያየ ሰው ለሽማግሌው በጆሮው ሹክ ይላል። ሽማግሌው ተነሥቶ «ወፍ ነግራኛለች» ይላል እንጂ ማን እንደነገረው በመሐላ አይናገርም።

በሦስተኛው ቀን ወፍ ተናገረች። የአያሌው በረባሶ ከታደገ ጎታ ውስጥ ተገኘና መካከላችን ተጣለ። የአያሌው ዘመዶች ደሙን ሳይመልሱ ታደገ አገር ለቆ መተከል ወረደ፤ እዚያው ሞተ።

ወፏ እኔ ነበርኩ። በረባሶውን ጎታ ውስጥ ሲከት አይቼዋለሁ። ያየሁትን ነው የተናገርኩት። ግን ታደገ ከቆላ በተመለሰ ዕለት ስለዚያ ስለተሰነጠቀ ድንጋይና ስለ ሾላው ለእኔ ብቻ ነግሮኝ ነበር፤ በሸንጎው ፊት አላነሣውም። ታዲያ ደራሲው ከማን ሰማ? ድንጋዩ እውነት ካለ፣ ወንድሜ ከነገረኝ ሌላው ምኑ እውነት ነው? ገድሎ ነበር ወይስ ንጹሕ ሰው አሳልፌ ሰጥቼ ነው? ይህን ሳላውቅ መሞት አልፈለግሁም። ለሰው ግን «መጽሐፉ ውስጥ ያለውን አገር ለማየት ነው የምሄደው» አልኩ።

ሐሙስ

ከቢቸና መነኻሪያ ጠዋት ተነሣን። ሞጣ ለምትኖረው ለይታይሽ አንድ ጣሳ ቅቤ ይዣለሁ። ይታይሽ የታደገ ልጅ ናት፤ እሱ ሲሄድ ገና በእናቷ ጀርባ ነበረች። እናቷ ዘመዶቿ ዘንድ ሞጣ ወስዳ አሳደገቻት።

ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው ጥቁር መነጽር ያደረገ ሰው ዓይኑን ከከረጢቴ ላይ አልነቅል አለ። ከረጢቴን ወደ ደረቴ ሳብኩት። እሱም ሱሪውን ሰበሰበ። ደብረ ወርቅን አለፍን፣ አሁንም ያያል። በልቤ ያን ጊዜ አውጫጭኙ ላይ ከነበሩት ሰዎች ጋር አዛመድኩት፤ የማን ልጅ ይሆን፣ አፍንጫው የማንን ይመስላል እያልኩ። ጉንደ ወይን ስንደርስ ጎንበስ ብሎ በለሆሳስ «አባቴ፣ እንዳላሳፍርዎ ብዬ ነው እንጂ ቅቤዎ ጉልበቴ ላይ እየፈሰሰ ነው» አለኝ። ሱሪው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ርሷል። ይቅርታ ብጠይቀው ልብሴን አለሰለሱልኝ ብሎ ቀለደ፤ ሲወርድም ከረጢቴን ተሸክሞልኝ ወረደ። ያም ሆኖ የአባቱን ስም ጠየቅሁት። የደብረ ማርቆስ ሰው ነው።

ሞጣ ከቢቸና ሰፋ ያለች ናት፤ ብርዷ ግን ያው የእኛው ነው። ይታይሽ ትንሽ ምግብ ቤት አላት። ደንበኞቿን ሁሉ ትታ ወጥታ ጉልበቴን ሳመች። ጓዳ አስገብታ ሙቅ ውሃ በሳፋ አቅርባ እግሬን አጠበችኝ፤ ጣት በጣት፣ እንደ ሕፃን። በመጣሁ ቁጥር እንዲህ ታደርጋለች። እኔም በመጣሁ ቁጥር ከላይ ሆኜ ማተቧንና የፀጉሯን መከፈያ እያየሁ፣ ታውቃለች ወይስ አታውቅም እላለሁ። የሚያውቅ ሰው እንዲህ አያጥብም። ወይም የሚያውቅ ሰው ነው እንዲህ የሚያጥብ።

ቆላ ልወርድ ነው ስላት እጇ ውሃው ውስጥ ቆመ።

«አባቴም እዚያ ወርዶ ነበር ይባላል» አለች። ከዚያ ፎጣውን አነሣች።

ዓርብ

ሐጂ ሰይድ ሱቁ በር ላይ በርጩማ አውጥቶ አስቀመጠኝ። ጉልበቱ ስለማይታጠፍለት ሲቀመጥ እግሩን ወደ መንገዱ ዘርግቶ ነው፤ ያለፈው ሁሉ ሰላም ብሎት ተራምዶት ያልፋል። ስለ ደራሲው የሚያውቀው ካለ ብዬ ዳር ዳር ስል እሱ በቀጥታ፣ አሁን እኔ በተቀመጥኩበት በርጩማ ላይ ደራሲው ተቀምጦ እንደነበር ነገረኝ። ፀሐይ መከላከያ ነጠላ ገዝቶ፣ በረሃውን የሚያሳየው ሰው ጠይቆት ነበር።

«ይህን ሁሉ ጊዜ መጽሐፉን ስትልክልኝ እንዴት አልነገርከኝም?» አልኩት።

«አልጠየቅኸኝማ» አለ። «አንተ የምትጠይቀኝ ቀጣዩ መቼ ይወጣል ብለህ ነው።»

ወዳጄ ነው፤ ግን እውነቱን ልናገርና ያን ሰዓት እሱንም ተጠራጠርኩት። ስለ ታደገ ለደራሲው ያወራው እሱ ቢሆንስ? ሐጂ ግን የራሱ ቅሬታ ነበረው። ቢጫው መጽሐፍ ውስጥ አንድ የጨርቅ ነጋዴ አለ፤ ጉልበቱ የማይታጠፍ፣ ሰው የሚወደው። ሐጂ እኔ ነኝ ብሎ ያምናል።

«ነጠላውን በወጉ አጣጥፌ ሰጠሁት» አለ፣ «መጽሐፉ ገና መካከል ሳይደርስ በገዛ ጨርቄ አነቀኝ።»

ሥቄ ሥቄ ጥርጣሬዬ ትንሽ ቀለለ። ደራሲውን የላከው ይግዛው ወደሚባል ቆለኛ ደንበኛው ዘንድ እንደነበር ነገረኝ። ይግዛው ቅዳሜ ቅዳሜ ጉንደ ወይን ገበያ ይወጣል። ሐጂ እዚያው ስልክ ደወለለት፤ አንድ ሽማግሌ ወዳጄ መጽሐፉ ላይ ያለውን ቦታ ሊያይ ይፈልጋል አለው። ከወዲያ በኩል ዝምታው ረዘመ። ከዚያ «ይምጡ» አለ። የምን ዝምታ ነው ብዬ ያዝኩት።

ቅዳሜ

ይታይሽ ድርቆሽና ቆሎ ቋጠረችልኝ። በመጣሁበት መንገድ ተመልሼ ጉንደ ወይን ወረድኩ። ገበያው የቢቸናን ያህል ነው፤ ከቆላ የሚመጣው ማንጎና ሰሊጥ ግን ከእኛ ዘንድ የለም። ይግዛው እስኪመጣ ከገበያው ዳር ቆሜ ቢጫውን መጽሐፍ ገለጥኩ። ደራሲው ከጫፉ ላይ ሆኖ የሚታየውን ሸንተረር ጽፎታልና ከፊቴ ካለው ጋር ላስተያይ ብዬ አንዴ መጽሐፉን አንዴ ማዶውን ሳይ ሁለት ጎልማሶች ቀርበው ምን እንደምለካ ጠየቁኝ። ምንም አልለካም አልኩ። መሬት ሊሸነሽኑ የመጡ ናቸው ወይስ የተቀበረ ነገር ፈላጊ ብለው እርስ በእርስ ተወያዩ። አንደኛው መጽሐፉን ተቀብሎኝ ከፊት እስከ ኋላ አገላበጠው።

«ካርታው የት ገጽ ላይ ነው?» አለኝ።

ካርታ የለውም፣ ወሬ ብቻ ነው አልኩት። ይህን ዕድሜ ይዞ ለወሬ በረሃ የሚወርድ የለም አለኝ። ደግነቱ ያኔ ይግዛው ግራጫ በቅሎ እየሳበ ደረሰና «የእኔ እንግዳ ናቸው» አላቸው። ስድሳ የሚሆነው፣ ቀጭን፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነው። በበቅሎው ላይ አፈናጥጦኝ ጫፉ ላይ ያለ አማቹ ቤት አደርን። አማቹ የገብስ እንጀራ በምስር አቀረበልን፤ ይግዛው ግን ከእኔ ፊት ለፊት ተቀምጦ ስበላ ፊቴን ያጠና ነበር።

እሑድ

ቅዳሴ ከወጣ በኋላ መውረድ ጀመርን። ጫፉ ላይ ጋቢ ደርቤ ነበር። ሩብ መንገድ ስንወርድ ጋቢውን አወለቅሁ፣ ግማሽ ላይ ኮቴን፤ ከዚያ ወዲያ የማወልቀው ነገር አልነበረኝም። ከቢቸና የማውቀው ዛፍ ሁሉ ከላይ ቀረ። ቁልቁለቱ በበረታበት በቅሎዋ ላይ መቀመጥ አይቻልም፤ ወርጄ ጭራዋን ይዤ ነው የሄድኩት። ሁለት ጊዜ በቂጤ ተንሸራተትኩ። ይግዛው ሁለቱንም ጊዜ አንሥቶ አቧራዬን አራገፈልኝ፣ ከቅል ውሃ አጠጣኝ። እንዲህ እየደገፈኝ ነው፣ ድንገት፣ ፊቱን ሳያዞር የጠየቀኝ፤

«የሟቹ ምን ነዎት?»

ስለ ሞተ ሰው አንድ ቃል አልተነፈስኩም ነበር። «የትኛው ሟች?» አልኩት። «መጽሐፉ ላይ ያለው» አለ። «መጽሐፉ ላይ ላለው ሰው ምን እሆናለሁ?» አልኩት። ከዚያ ወዲያ እስከ ቤቱ ድረስ እሱ ከፊት እኔ ከኋላ፣ ሁለታችንም እየተጠባበቅን ወረድን።

ቤቱ ሣር ክዳን ነው፤ ግድግዳው ንፋስ እንዲያስገባ ሳይመረግ በሳሳ እንጨት የተሠራ። ከእኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ቤት የበግ ጋጥ ነው፤ እዚያ ግን የተመረገ ቤት እንደ ምድጃ ያቃጥላል። ሚስቱ የማሽላ እንጀራ በተልባ ሰጠችኝ። የማሽላ እንጀራ ደረቅ ነው ሲባል እሰማ ነበር፤ ትኩሱን የበላ እንዲያ አይልም። የራሷን አልጋ ለቃልኝ መደቡ ላይ ተኛች። ይግዛው ግን ከበሩ አግድም አነጠፈ፤ ማንም ሳይረግጠው እንዳይወጣ። እኔን ከሰው ሊጠብቅ ነው ወይስ ሰውን ከእኔ? የሟቹ ዘመድ ሆኜ ደም ልመልስ የመጣሁ መስዬው እንደነበር ያወቅሁት በማግስቱ ነው።

ሰኞ

ወደ ወንዙ ሄድን። ወንዝ ይሉታል እንጂ ነጭ አሸዋ ነው፤ የቢቸናን ዋና መንገድ የሚያህል፣ ከሁለት ገደል መካከል የተነጠፈ። ለምልክት እንኳ እርጥብ ነገር የለበትም። በመታጠፊያው ስናልፍ ድንጋዩን አየሁት። ለሁለት እንደተቆረሰ ዳቦ ተሰንጥቆ ቆሟል፤ ከስንጥቁ ሾላው ወጥቶ ጥላውን አሸዋው ላይ ጥሏል። ታደገ እንደነገረኝ።

አሸዋው ከጥላው ሥር ይቀዘቅዛል። ከዚያ ሁሉ ንዳድ በኋላ የተነጠፈ ጀንዲ ነው የሚመስለው። ተቀመጥኩ፤ መጽሐፉን ከጎኔ ጣልኩ፣ ጫማዬን አወለቅሁ።

«ጫማዎን ከድንጋዩ ላይ ያስቀምጡት» አለኝ ይግዛው። «መሬት ካስቀመጡት ጊንጥ ይገባበታል። እዚህ ሁሉም ከፍ አድርጎ ነው የሚያስቀምጥ። ደግሞ ብዙ አይቀመጡ።»

ተነሥቼ ጫማዬን ከራሴ ከፍ ካለው የድንጋዩ ጠርዝ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኩ። እሱ በቅሎዋን ወደ ላይ ዳገቱ ላይ ሊያስር ሄደ። ብዙ አይቀመጡ ያለኝን ለፀሐይ ነው ያለኝ ብዬ በጀርባዬ ጋደም አልኩ። ሰማዩ እንደታጠበ ሳህን ጥርት ያለ ነበር።

ሠላሳ ዓመት ወፍጮ ቤት የሠራ ሰው ጆሮው ደንቁሮ እግሩ ይሰማል። ሞተሩ ገና ሲነሣ በወለሉ በኩል ወደ ተረከዝ ይመጣል። ያን ቀንም በተረከዜ መጣ። የት ነው ወፍጮ ያለው ብዬ አሰብኩ። ይግዛው ከላይ እየጮኸ ሲሮጥ አየሁት፤ ምን እንደሚል አልሰማሁም። ክንዴን ይዞ እየጎተተ ድንጋዩ ላይ አወጣኝ፤ ደረቴ ተላጠ። ዞር ስል ከመታጠፊያው መጣ። መጀመሪያ ቅጠልና እበት፣ ጭራሮ የሚገፋ አረፋ፤ ወዲያው ከኋላው ቡናማ ውሃ፣ ከነዛፉ፣ የሰው ቁመት የሚያህል። የተኛሁበትን አሸዋ በአንድ ጊዜ ዋጠው። ከሰማይ አንዲት ጠብታ አልወረደችም።

«ደራሽ ነው» አለ ይግዛው፣ ጆሮዬ ድረስ ተጠግቶ። «ደጋ ላይ ሲዘንብ እዚህ በፀሐይ ይመጣል። ደገኞች አታውቁትም፤ ጥላና ቀዝቃዛ አሸዋ ስታዩ ትተኙበታላችሁ።»

መጽሐፉ ሄዷል። ጋቢዬ ሄዷል። ቀና ስል ጫማዬ ከድንጋዩ ጠርዝ ላይ፣ ጎን ለጎን፣ እኔ እንዳስቀመጥኩት ተቀምጧል።

ብዙ ሰዓት አየሁት። ሰውን ደራሽ ሲወስደው የሚቀረው ምን እንደሆነ ማንም ሊያስረዳኝ አላስፈለገም።

«ትናንት የጠየቅኸኝን ልመልስልህ» አልኩት ይግዛውን። «የሟቹ ምንም አይደለሁም። በረባሶውን ይዞ የሄደው ሰው ወንድም ነኝ።»

ይግዛው ትከሻው ወረደ። ከጎኔ ተቀመጠና አባቱ የነገረውን ነገረኝ። አባቱ ያን ዕለት ከማዶ ዛፍ ላይ ቀፎ ሲሰቅል ሁለቱን አይቷል። አንዱ ከሾላው ሥር ተኛ፤ ሁለተኛው ያመለጡትን አጋሰሶች ሊመልስ ዳገቱን ወጣ። ውሃው ያኔ መጣ። የወጣው ሰው ሮጦ ተመልሶ፣ ዳር ዳሩን እየጮኸ እስኪመሽ ወርዶ ወጣ። መጨረሻ ላይ በረባሶውን ከድንጋዩ ላይ አንሥቶ ጭኑ ላይ አድርጎ ሲያለቅስ ነበር። ሬሳውን የይግዛው አባት ከቀናት በኋላ ከታች አገኘውና ቀበረው።

ለምን ወጥቶ አልተናገረም አልኩት። አውጫጭኝ ተቀምጧል ሲባል ሰምቶ ሬሳ ያገኘ ሰው መጀመሪያ የሚያዘው እሱ ነው ብሎ ፈራ፤ ሲሞት ለልጁ ነገረ። ይግዛው ለደራሲውም የነገረው ይህንኑ ነበር። ደራሲው ግን ሰውየውን ውሃ ከገደለው ሃምሳ አለቃው ምን ሊሠራ ነው ብሎ ሥቆ ነበር።

«እናንተስ» አለኝ ይግዛው፣ «ያ ሁሉ ሰው ሦስት ቀን ከሚቀመጥ፣ አንድ ሰው ወርዶ ቢያይ ምን ነበር?»

ውሃው ጎድሎ አሸዋው እስኪወጣ ቁጭ ብለን ቆየን።

ማክሰኞ

የአያሌው መቃብር ከወንዙ በታች፣ ከግራር ሥር ያለ የድንጋይ ክምር ነው። ፍትሐት ያልደረሰው ነው። አንድ ድንጋይ አንሥቼ ጨመርኩ። የይግዛው ሚስት ለመንገድ ትኩስ እንጀራ በቅጠል ጠቅልላ ሰጠችኝ፤ ይግዛው ለጋቢዬ ምትክ የራሱን ኩታ አለበሰኝ። አቀበቱን በቅሎዋ ነች ያወጣችኝ። እግሬ ያበጠው ያኔ ነው። ጫፉ ላይ ስንደርስ ብርዱ ፊቴን መታኝ፤ የአገሬ ብርድ ደስ ያላለኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ረቡዕ

ከሰዓት በኋላ ሞጣ ገባሁ። ይታይሽ እግሬን አይታ ደነገጠች፤ ሳፋውን አመጣች። እጅጌዋን ስትሰበስብ ከማጠብሽ በፊት ስሚኝ አልኳት። ድንጋዩን ነገርኳት፣ ውሃውን ነገርኳት፣ ጫማዬን ነገርኳት። አባትሽ ሰው አልገደለም አልኳት። ከንፈሯን ነክሳ አለቀሰች። ከዚያ ወፏ ማን እንደነበረች ነገርኳት።

አታውቅም ነበር። ፊቷን ሳይ አታውቅም ነበር። ያን ሁሉ ዓመት የጠረጠርኩት ደግነቷ ደግነት ብቻ ነበር።

«ያየሁትን ነው የተናገርኩት» አልኳት።

«አይተዋል» አለች። «በረባሶው ምንድን ነው ብለው አባቴን ጠይቀውት ነበር?»

«አልጠየቅሁትም።»

ተነሣች። «ውሃው ይኸው» አለች። «ዛሬ ራስዎ ይታጠቡ።» በሩን ሳትዘጋ ወጣች። ውሃው እስኪቀዘቅዝ ተቀምጬ ከዚያ ታጠብኩ።

ሐሙስ

ጠዋት ቁርስ አቀረበችልኝ፤ ከረጢቴን ይዛ መነኻሪያ ድረስ ሸኘችኝ። ጉልበቴን አልሳመችም። ሚኒባሱ እስኪሞላ ጎን ለጎን ቆመን ቆየን።

«አያ፣ ይጻፉት» አለችኝ። «የት እንዳደሩ፣ ምን እንደበሉ፣ የት የት እንደወደቁ፣ ሁሉንም። ያደሩበትንና የበሉትን ካልሰማ ሰው መሄድዎን አያምንም። እኔ መጥቼ ያ አውጫጭኝ በተቀመጠበት ቦታ አነበዋለሁ።»

እኔው ላንብበው አልኳት።

«አይሆንም። እርስዎ ይቀመጣሉ። ፊደሉን አርማለሁ፤ ነገሩን አልነካም።»

ስለዚህ ጻፍኩት። የአያሌውን አፅም አምጥቶ በአገሩ ለማሳረፍ ከመካከላችሁ የሚወርድ ካለ፣ ይግዛውን ቅዳሜ ጉንደ ወይን ገበያ ታገኙታላችሁ። ሰማዩ ቢጠራም አሸዋው ላይ አትተኙ። ጫማችሁን ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ።

ይታይሽ በሚቀጥለው የማኅበር ቀን ትመጣለች። ቦታው ያው ነው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለው ወይራ ሥር። የማኅበሩ ሙሴ፣ ሰብሳቢያችን፣ ከሽማግሌዎቹ ጎን ወንበር እናወጣልዎታለን ብሎኛል። ወንበር አልፈልግም አልኩት። ያን ጊዜ ታደገን ያስቀመጡት ከወይራው በስተግራ፣ ሥሩ ከመሬት በወጣበት ላይ፣ ለብቻው ነበር። ሥሩ አሁንም አለ። ይታይሽ እዚህ መስመር ላይ ስትደርስ ቀና ብላችሁ ብታዩ እዚያ ነኝ።